ሩብ ዙር

በከተማው ውስጥ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው ከአምስት አይበልጥም። የቀረው ሁሉ «ሞቶሪኖ» ነው የሚለው። ሾፌር ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩን ገፍቶ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ያ ከባድ ብረት ሞቶሪኖ ይባላል፤ እሱም አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሲፈታና ሲገጥም ስለኖረ ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። በወጣትነቱ ይናደድ ነበር። ኋላ ለመደው። አሁን አሁን ስልክ ሲያነሳ እንኳ «ሞቶሪኖ ነኝ» ማለት ጀምሯል። ሚስቱ ብቻ ናት «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሰው ነህ እንጂ መለዋወጫ አይደለህም» የምትለው።

ሱቁ በልብስ ሰፊና በመስታወት ቆራጭ መካከል የተሰነቀረች ባለ አንድ በር ክፍል ናት። ከበሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብረት ጨብጦ የሚይዘው ሞርሳ፣ ከሞርሳው በላይ አንገቱ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ መብራት። ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ጣሪያው ድረስ መደርደሪያ ናቸው። አንድ ቀን ያስፈልጋሉ ተብለው የተቀመጡ፣ ያ አንድ ቀን ግን ያልመጣላቸው ብረቶች ተደርድረውባቸዋል። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ለስልሷል።

«በወሩ መጨረሻ እዘጋለሁ» ማለት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሚስቱም «የትኛው ወር?» ትለዋለች። የዘንድሮው ግን እውነት ይመስላል። ዓይኑ ቀጭን ሽቦን ከጥላው አልለይ ብሎታል። ጠዋት ጠዋት የቀኝ እጁን ጣቶች ለብ ባለ ውሃ ካልነከረ አይታጠፉለትም። አልጋ ላይ ሲጋደም ወገቡ ገና ጠረጴዛው ላይ እንዳጎነበሰ ነው የሚሰማው።

በዚያ ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ የታላቅ ወንድሙ ሚስት በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ዋርሳዬ፣ እንደምን አደርክ?»

«እትዬ! ምነው በሰላም? ጋሼ…»

«አለ፣ አለ፣ አትደንግጥ። መጀመሪያ ይሄን ተቀበለኝ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው።»

ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። እንጨቱን ሲነካ በሰጠው ድምፅ ብቻ ምን እንደሆነ አወቀ።

«የትራክተሩ?»

«የትራክተሩ። ወንድምህ ተኝቶ ሳለ ፈታሁት።»

«አንቺ? ብቻሽን?»

«ሁለት ብሎን እኮ ነው። የስፌት መኪናዬን እስከ ዛሬ ማን ሲፈታልኝ የኖረ መሰለህ? ወንድምህ?»

ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። የወንበሩን ጀርባ ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ዶክተሩ ያለውን ሰምተሃል።»

«ከባድ ነገር እንዳያነሳ።»

«እሱማ ለእናንተ የነገራችሁ ነው። ዶክተሩ ያለው ‘ያንን ማኖቬላ በእጅህ እንዳትነካ’ ነው። እኔ ነኝ የተናገርኩበት፣ ይሄ ሰውዬ በየጠዋቱ ትራክተሩ አፍንጫ ላይ ብረት ሰክቶ እያዞረ ነው የሚያስነሳው ብዬ። ምን አለኝ መሰለህ? ‘እማማ፣ አንድ ቀን የሚቆመው ሞተሩ አይሆንም’ አለኝ። ይኸው ባለፈው ዓርብ ሲያዞር ወደቀ። ብረቱን እንደጨበጠ ነው ያገኘሁት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁት።»

«ዓርብ? ለምን አልደወላችሁም?»

«እንዳትደውዪ አለኝ። አሁን አልጋ ላይ ሆኖ በመስኮት ሰማዩን ያያል። ዝናቡ ሁለት ሳምንት አይሞላውም። መሬቱ ከራሰ ደግሞ ማን ያስቆመዋል? ከአልጋው ጋር ብታስረው አልጋውን ተሸክሞ ነው የሚወጣ። ይሄ ዕቃ ከሠራ በእግሩ ረገጥ አድርጎ ያስነሳዋል። ካልሠራ…» የቀረውን በእጇ ነገረችው።

ሞቶሪኖ አንገቱን አከከ። «እኔ እኮ ወዶ የሚያዞረው ነበር የሚመስለኝ። ስንት ጊዜ ‘ጋሼ ስፖርት ይሠራል’ ብዬ ስቄበታለሁ!»

«ስቀሃል» አለች። ቁጣ የለበትም ድምጿ። አንሶላውን አራግፋ በአራት አጠፈችው። «ከተቃጠለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ነው የወጣሁት፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ። ክፈተውና እየው፣ ዋርሳዬ። ስትከፍተው ይገባሃል።»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። የከተማው ሞቶሪኖ ሠሪ ታላቅ ወንድም ትራክተሩን በእጁ እያዞረ ማስነሳቱ ልብስ ሰፊውንና መስታወት ቆራጩን ዓመታት ያሳቀ ወሬ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ደግሞ እሱ ራሱ ነበር።

ሻይ አዘዘ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብረቱን ዝም ብሎ አየው። ከዚያ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ካቻቢቴውን አነሳ።

ክዳኑ ሲነሳ የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ ሽታ ወጣ፤ አሥራ አንድ ዓመት ታፍኖ የቆየ ሽታ። መዳቡ ጠቁሯል። ከሞተሩ መዘውር ጋር የሚነካከሰው ትንሹ ጥርስ አይጥ የበላው ሳሙና መስሏል። ይህ ሁሉ አዲስ አልነበረም፤ እንዲህ የሆነ ሞቶሪኖ በዓመት አሥር ያያል። ክዳኑን ገልብጦ በቤንዚን ሲጠርገው ግን እጁ ቆመ። ሞቶሪኖ አንድ ልማድ አለው። የሠራውን ዕቃ ሁሉ ከመዝጋቱ በፊት ክዳኑ ውስጥ፣ ከሱ ሌላ ማንም በማያየው ቦታ፣ ቀኑንና የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በምስማር ይጭራል። እዚህም ጭረቱ ነበር። የራሱ ፊደል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት።

ያን ቀን አስታወሰው። አባታቸው ሲሞት ታላቁ ትምህርቱን አቋርጦ ከመሬቱና ከዚህ ትራክተር ጋር ቀረ፤ ታናሹ ከተማ ገብቶ ሙያ ተማረ። ሱቋን በራሱ ስም በከፈተ ማግስት ወንድሙን ሊያስደስት ወደ እርሻው ሄደ። ትራክተሩ የድሮ ነው፤ በስድስት ቮልት ባትሪ እንዲሠራ የተሠራ፣ ሲያስነሱት እያቃሰተ ቀስ ብሎ የሚዞር። «ይሄማ የሽማግሌ ሳል ነው!» አለና የጭነት መኪና ባትሪ፣ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ገጠመለት። ዲናሞውን ቀየረ፣ አምፖሎቹን ቀየረ። ሞቶሪኖውን ግን ጠርጎና ቀብቶ እንዳለ መለሰው። ወንድሙ ሲረግጠው ሞተሩ እንደ ጥይት ተነሳ። ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ። ሙያውን ያስተማረው መምህሩ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ጆሮውን በቆነጠጠው ነበር። ስድስት የለመደን ዕቃ አሥራ ሁለት ብታጠጣው ይሮጣል፣ ግን በየጠዋቱ መዘውሩን እንደ መዶሻ እየመታ፣ ውስጡም እየነደደ ነው የሚሮጠው። አሥራ አንድ ዓመት ሮጦ ተቃጠለ።

አሥራ አንድ ዓመት። መነጽሩን አወለቀ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እሱ ሽቦ የዘረጋለት አንድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ነደደ። ሰው አልተጎዳም። ወሬው ግን ከእሳቱ ይልቅ ፈጠነ። ሰባት ወር ሙሉ በሩን ከፍቶ ይውላል፣ የሚገባ የለም። በዚያ ጊዜ ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሻው ይመጣና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። «ባዶ ሱቅ ሰው ይሸሸዋል። አንድ ሰው ይታይበት» ይላል። አንዱን ቅዳሜ ሁለቱም መዳፎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር።

«ጋሼ፣ እጅህን ምን ነካው?»

«አካፋ።»

አካፋ! ሠላሳ ዓመት አካፋ የጨበጠ እጅ በአንድ ወር አካፋ ሊላጥ? ያኔ ያላሰበው ማኖቬላ አሁን ታየው።

ሥራው አምስት ቀን ወሰደ። ድሮ አንድ ቀን ተኩል ይበቃው ነበር። የተቃጠለውን መዳብ ፈትቶ አዲስ ጠመጠመ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠራው ጠፍቶበት ከመጀመሪያው ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ሱቁ ድረስ መጣች። መብራቱን ከቦታው አውርዳ በእጇ ያዘችለት።

«ወደ ግራ» ይላል።

«ግራህ ነው ግራዬ?»

«ግራችን።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ተጋብተን ግራችን አንድ አልሆነም» ትላለች፣ መብራቱን እያዞረች።

ለጥርሱ ከመደርደሪያው አንድ ተመሳሳይ አገኘ። ያ አንድ ቀን በመጨረሻ ለአንዱ ብረት መጣለት ማለት ነው። ያኔ የነቀለው አሮጌ ዲናሞም ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አቧራ ለብሶ ይጠብቀው ነበር። ስድስት ቮልት ባትሪ የፀሐይ መብራት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ተገኘ። ሁሉን ጨርሶ ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ምስማሩን አነሳ። ከድሮው ጭረት በታች አዲሱን ቀን ጫረ። ፊደሉን ግን ዘለለው።

ማክሰኞ ጠዋት እርሻው ሲደርስ ጋሼ መጋዘኑ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ካፖርቱ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ሌባው መጣ» አለ ጋሼ። «ሚስቴን አሠልጥነህ ዕቃዬን አሰረቅኸኝ።»

«ሰርቃ ለባለቤቱ ነው የመለሰችው።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ውስጡ የተጫረው የኔ ፊደል ነው።»

ጋሼ የካፖርቱን ኮሌታ ሰበሰበ። «ከፈትከው ማለት ነው» አለ።

«ከፈትኩት።»

እትዬ ሁለት ጊዜ ሻይ አመጣች፤ ሁለቱም ጊዜ ሁለቱን ወንድማማቾች ተራ በተራ አይታ ተመለሰች። ሞቶሪኖ ካርቶን አንጥፎ ከትራክተሩ ሆድ ሥር ገባ። ዲናሞውን መለሰ፣ ባትሪውን አሰረ፣ ሞቶሪኖውን አስገብቶ ሁለቱን ብሎኖች ሲያጠብቅ ክንዱ ሦስት ጊዜ ከዳው። ከሥር ሲወጣ ለመቆም የጎማውን ጥርስ እንደ መሰላል ይዞ ነበር።

«ውጣና ርገጠው» አለ።

ጋሼ ቀስ ብሎ ወጥቶ መቀመጫው ላይ ተደላደለ። ረገጠው። ሞተሩ እያቃሰተ ዞረ። አንድ… ሁለት… ሦስት… ከዚያ ያዘ። ከጭስ ማውጫው ክዳን ላይ ዝገት ረገፈ።

ጋሼ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ። «ይሄ ነው ድምፁ» አለ። «የአባባ ጊዜ ድምፁ።»

አጠፋው፣ ደግሞ ረገጠው። ተነሳ። እንደገና። ተነሳ። እትዬ መጋረጃዋን ገልጣ በመስኮት ታይ ነበር። በአራተኛው ጊዜ ግን ብረት ከብረት ሲፋጭ ጥርስ የሚያነክስ ድምፅ ወጣና ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ሞቶሪኖ ማየት አላስፈለገውም። አየው ግን። መዘውሩ በሚታይባት ትንሽ ቀዳዳ የእጅ ባትሪ አብርቶ ተመለከተ። ያ አሥራ አንድ ዓመት እንደ መዶሻ የመታው ሞቶሪኖ ብቻውን አልነበረም የተበላው፤ በመዘውሩ ዙሪያ የታሰረው የጥርስ ቀለበትም በሁለት ቦታ ተበልቷል። ሞተር ሲጠፋ ባሻው ቦታ አይቆምም፤ የሚቆምባቸው የለመዳቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። ሲመታ የኖረውም እነሱኑ ነው። አዲሱ ጥርስ እዚያ ጋ ሲደርስ የሚነክሰው አያገኝም።

«ተወው» አለ ጋሼ፣ እየወረደ። «እዚያ ላይ ሲቆም ሩብ ዙር በእጅ ገፋ ማድረግ ነው። ሩብ ዙር ምን አላት?» እጁ ወዲያውኑ ከመቀመጫው ሥር ገብቶ ማኖቬላውን አወጣ። እጀታው በመዳፉ ልክ ተልጦ እንደ መስታወት ያበራል።

«ጋሼ፣ አስቀምጠው።»

«ሩብ ዙር እኮ…»

«አስቀምጠው አልኩህ!»

በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ታላቁ ላይ ጮሆ አያውቅም። ሁለቱም ደነገጡ። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብረቱን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ታናሹ።

«ምኑን?»

«ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን።»

«መቼ ልንገርህ? ያኔ? ከተማው በሙሉ አጥንትህን ሲግጥ እኔም መጥቼ ልቆርጥም? ‘የገዛ ወንድሙን ትራክተር እንኳ አነደደ’ ቢባል በርህን ማን ያንኳኳ ነበር?»

«ከዚያ በኋላስ? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«ከዚያ በኋላማ ለመድኩት።» እጀታውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። «ደግሞ መጥተህ ስትስቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዓመት ሳቅህ ጠፍቶ ነበር።»

ሞቶሪኖ የትራክተሩ የፊት ጎማ ላይ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። የመልሱ አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ቀለበቱን ለመንካት ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መግመስ ያስፈልጋል፤ ሆዱን በግንድ ደግፎ፣ ፊቱን ወደፊት ገፍቶ፣ መዘውሩን አውርዶ። አራት ቀን። በሠላሳ ዓመቱ ቢሆን በሁለት ቀን ይጨርሰው ነበር። አሁን ጫማውን ማውለቅ እንኳ እንደ ሥራ ነው የሚቆጠረው። ዓይኑን ጨፈነ። ከማንም ጋር የሚመክረው ነገር አልነበረም፤ ሲነሳ ጎማው ላይ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ነው የተነሳው። ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ዛሬ አልመጣም።»

«አልነሳ አለ?»

«ይነሳል። ሁልጊዜ አይነሳም እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ለሁለት ልገምሰው ነው።»

«ወገብህስ?»

«አብሮኝ አለ።»

«ቅባቱ ቦርሳህ የጎን ኪስ ውስጥ ነው» አለች። ጠዋት ቦርሳውን ስታዘጋጅ አውቃው ነበር ማለት ነው።

ሁለት ጎረቤቶች ግንድና ክሪክ ይዘው መጡ። አንደኛው ትራክተሩ ለሁለት ተከፍሎ ሲያይ «ይሄ ነገር ተመልሶ ይጋባል?» አለ። «እንደ ጋብቻ ነው፣ ከመፋታቱ ይልቅ መልሶ ማስማማቱ ነው የሚያደክመው» አለ ሌላው። ሞቶሪኖ ለመሳቅ ጉልበት አልነበረውም። ጋሼ ብረት እንዳያነሳ ስለተከለከለ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ተሰጠው። ቀለበቱን በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ ጥርሶቹን ቆጠረ፣ መቶ ሃያ ስምንት። የተበሉትን በጠመኔ ቀባ። ከዚያ ሠላሳ ሁለት ቆጥሮ ሌላ ምልክት አደረገ። ቀለበቱን ከሰል ላይ አግለው ሲያሰፉት ከመዘውሩ ወለቀ፤ ሩብ ዙር አዙረው ምልክቱን ከምልክቱ ጋር ሲያጋጥሙት፣ እየቀዘቀዘ ራሱ ጨብጦ ያዘ። የተበሉት ጥርሶች ሞተሩ ከማይቆምበት ቦታ አረፉ። ደህናዎቹ በነሱ ቦታ ገቡ።

«ሩብ ዙር» አለ ጋሼ፣ ጠመኔውን ከጣቶቹ እያራገፈ።

«ሩብ ዙር» አለ ሞቶሪኖ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የመጋዘኑን ቆርቆሮ መቱት። የመጨረሻውን ብሎን ያጠበቀው ያንን እየሰማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ አሥር ጊዜ ረገጠው፣ አሥሩንም ጊዜ እያቃሰተ፣ ሳይቸኩል ተነሳ። በአሥራ አንደኛው ግን አላጠፋውም። ማረሻውን በጎረቤቶቹ አሳስሮ ወደ ረጠበው መሬት ቀስ እያለ ወጣ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችው።

ሞቶሪኖ መጋዘኑ ውስጥ በተከመሩ ባዶ ጆንያዎች ላይ ጋደም አለ። ለአውቶቡሱ ገና ሦስት ሰዓት ነበረው። ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል፣ ወገቡ የሱ አይመስልም። የሞተሩን ድምፅ ሲርቅና ሲቀርብ እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነሳ ማኖቬላውን መጋዘኑ ውስጥ ፈልጎ አጣው። ወደ ከተማ ይዞት ሊሄድ አስቦ ነበር።

«እትዬ፣ ያ ብረት የት ገባ?»

በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችው። የዶሮዎቹ ቤት በር መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል። አሁን ተልጦ የሚያበራው እጀታ በበሩ ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ተሰክቶ በሩን ዘግቶት ነበር።

«እሱ ከዚያ አያነሳውም» አለች። «ዶሮዎቹ አትክልቱን እንደሚጨርሱበት ያውቃል።»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡሱ ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጋሼ ከማሳው ሆኖ እጁን አነሳለት። ሞቶሪኖም የራሱን ለማንሳት ሞከረ፤ እስከ ደረቱ ደረሰችለት።